የአንድን ፎቶ አንሺ ስታይል አንብቦ መለማመድ፦ መስኮት፣ አቡጀዲና ስልክ ይበቃል

ፎቶ የሚጀምሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። የትኛውን ልግዛ? ይሄ ሌንስ ይሻላል ወይስ ያ? እኔ ግን መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። የማንን ፎቶ ነው የምታዩት? ለምን ወደዳችሁት? ብዙዎቹ "በቃ ደስ ይለኛል" ይሉና ያቆማሉ። ከዛ ወዲያ ያለው ነው ሥራው።

ስታይል ማለት አንድ ፎቶ አንሺ ደጋግሞ የሚወስናቸው ነገሮች ድምር ነው። ብርሃኑ ከየት ይምጣ? ሰውዬው ከካሜራው ምን ያህል ይራቅ? ከኋላው ምን ይኑር? ቀለሙ ይብዛ ወይስ ይነስ? መልሶቹ ፎቶው ላይ አሉ። ማንበብ ከቻላችሁ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ መልሳችሁ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ። እኔ ከየትኛውም ኮርስ በላይ የተማርኩት እንደዚህ ነው፤ አንድ ፎቶ አንሺ ይዤ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሱ ጋር እየዋልኩ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትንሽ ነው። ጥሩ ብርሃን የሚያስገባ አንድ መስኮት። ሦስት ሜትር ነጭ አቡጀዲ። ነጭ ፎም ወይም ነጭ ካርቶን። ጥቁር ጨርቅ። አንድ የእጅ ባትሪ። ስልክ ወይም ካሜራ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ የሚቀመጥላችሁ ሰው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ማየት

አንድ ፎቶ አንሺ ምረጡ። አንድ ብቻ። ሃያ ፎቶዎቹን ሰብስቡና በአንድ ላይ አስቀምጧቸው። አንድ ፎቶ ለብቻው ያታልላል፤ የዕለቱ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሃያ ሲሆኑ ግን የሚደጋገመው ነገር ራሱ ብቅ ይላል። ደብተር ያዙና ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል "ሁልጊዜ ያለ"፣ በሌላው በኩል "በጭራሽ የሌለ" ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ረድፍ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። እኔ ደግሞ ብዙ የተማርኩት ከሱ ነው።

ከዓይን ጀምሩ። ፎቶውን አጉሉትና የዓይኑ ብሌን ላይ ያለችውን ብልጭታ ፈልጉ። እሷ መብራቱን ራሱን ታሳያችኋለች። አራት ማዕዘን ከሆነች መስኮት ወይም ሶፍት ቦክስ (ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የመብራት ሳጥን) ነው። ክብ ከሆነች ክብ መብራት ወይም ጃንጥላ ነው። የጀርመኑን ማርቲን ሾለርን ፎቶ አይታችሁ ከሆነ፣ ዝነኛውንም ቤት የሌለውንም ሰው ፊቱን ብቻ ፍሬሙን ሞልቶ ነው የሚያነሳው። ዓይናቸው ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የቆሙ መስመሮች አሉ። የድመት ዓይን ያስመስላቸዋል። ሁለት ረጃጅም መብራቶች ከፊቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ማንም ሳይነግራችሁ ከዓይኑ ብቻ አወቃችሁት።

ቀጥሎ የአፍንጫው ጥላ። ወደ ታች ከወረደ መብራቱ ከላይ ነው። ወደ ጎን ከሄደ መብራቱ ከጎን ነው። የጥላውን ጠርዝ እዩት። በቢላ እንደተቆረጠ ከሆነ መብራቱ ትንሽ ነው ወይም በጣም ሩቅ ነው፤ ፀሐይም እንደዛው። እየሳሳ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሰፊ መብራት በቅርብ አለ።

ከዛ ጆሮ። አዎ፣ ጆሮ! አፍንጫው ተልቆ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ከሸሹ ካሜራው በጣም ቅርብ ነበር። ጆሮውና አፍንጫው የየራሳቸውን መጠን ከያዙ ፎቶ አንሺው ራቅ ብሎ ነው የቆመው። የስልካችሁ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በቅርብ ስታነሱ አፍንጫን ያሳብጣል። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ልምምዶች ሁሉ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉና ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። ይህቺን ብቻ አድርጋችሁ ነገ ፎቶ ብታነሱ እንኳን ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

የካሜራው ከፍታ፣ ከኋላ ያለው ነገር፣ ቀለሙ፣ ልብሱ፣ እጆቹ የት እንዳሉ... እነዚህንም ጻፉ። ፈገግታ አለ? ሰውዬው ሌንሱን ያያል ወይስ ሌላ ቦታ? ሃያ ደቂቃ ይበቃችኋል።

ከማንሳታችሁ በፊት፦ የቆዳችን ጉዳይ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ካሜራ የሚያየው ነገር ጥቁር ይሁን ነጭ አያውቅም። ብርሃኑን ለክቶ ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይጥራል። ስለዚህ ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ጥቁር ግድግዳ ፊት ብታቆሙ፣ ካሜራው "ጨልሟል" ብሎ ያበራዋል፤ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ያንኑ ሰው ነጭ ልብስ አልብሳችሁ ነጭ ግድግዳ ፊት ብታቆሙት ደግሞ "በዝቷል" ብሎ ያጨልመዋል፤ ፊቱ ይጠፋል።

ነገሩ ከካሜራውም በፊት የቆየ ታሪክ አለው። የድሮው የኮዳክ ቀለም ፊልም በየፎቶ ቤቱ የሚስተካከለው "ሸርሊ ካርድ" በሚባል ናሙና ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የሷ ቆዳ ጥሩ ከወጣ ፊልሙ ጥሩ ነው ተባለ። የጠቆረ ቆዳ ዝርዝር ግን ይጠፋ ነበር። ይሄ እንዲሻሻል ከገፉት መካከል ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ይገኙበታል፤ የተለያየው ቡናማ ቀለማቸው በማስታወቂያ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት እየሆነ ስላስቸገራቸው። ይሄን ሳነብ በጣም ነው የከፋኝ። የሰው ፊት ያላስገኘውን ቸኮሌት አስገኘው።

በተግባር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጎረቤታችን ውጭ አገር ላለች ልጃቸው የሚልኩት ፎቶ እንዳነሳቸው ጠየቁኝ። አዲስ ነጠላ አጣፍተው መጡ። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ነጠላው አምሮ ወጣ፣ ፊታቸው ግን ጨለመ። ብርሃኑን ጨመርኩ። ፊታቸው ወጣ፣ የነጠላው ጥበብ ግን ታጥቦ ጠፋ። ስህተቱ የኔ ነበር። ለመስኮቱ የቀረበው ነጠላው ነው፣ ፊታቸው ዞር ብሏል። "እማማ፣ ፊትዎን ወደ መስኮቱ መለስ ያድርጉልኝ" አልኳቸውና ወንበሩን አዞርኩት፤ ነጠላው ያለበት ትከሻ ከመስኮቱ ራቀ። ነጭ ፎሙን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከታች የተመለሰው ብርሃን የዓይናቸውን ሥር ሞላው። በአንድ ጊዜ ሁለቱም ወጡ፤ ፊታቸውም፣ እያንዳንዱ የጥበብ ክርም። እሳቸው ግን እንደ ድሮው ፎቶ ቤት ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። "ይተንፍሱ እማማ" አልኳቸው። ሲተነፍሱ ትከሻቸው ወረደ። ያን ጊዜ ነው ቁልፉን የተጫንኩት።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ ቆዩ፤ ልኬቱ ይቆለፋል። ከዛ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያንሸራተታችሁ አስተካክሉ። ዞሮ ዞሮ መመዘኛው ፊት ነው። ግንባርና ጉንጭ ላይ ያለው ብሩህ ቦታ ነጭ ሳይሆን ነጥብ ያህል ብቻ ሲያበራ ልክ ናችሁ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ውበቱ ያለው ብርሃን በሚንሸራተትበት ቦታ ነው። ስለዚህ ፓውደር አታብዙ። ጉንጭና አንገት ላይ ትንሽ ቫዝሊን የተሻለ ይሠራል። ከፊት ለፊት የሚመታ ፍላሽ ግን ይሄን ሁሉ ያጠፋዋል፤ አጥፉት።

የደቡብ አፍሪካው ፎቶ አንሺ ዛኔሌ ሙሆሊ ራሳቸውን ያነሱባቸውን ፎቶዎች እዩ። "ሶምንያማ ንጎንያማ" ይባላሉ፣ በዙሉ ቋንቋ ለጥቁሯ አንበሳ ሰላምታ ማለት ነው። እዛ ላይ ቆዳው በኮንትራስት (በጨለማውና በብሩሁ መካከል ያለውን ልዩነት በማብዛት) ሆን ተብሎ የበለጠ ጠቁሯል። ዓይኑ ብቻ ነጭ ሆኖ ያፈጣል። የራስ ጌጡ የልብስ መቆንጠጫ ወይም የድስት መፈግፈጊያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥቁረቱን እንደ ስህተት የሚያርመውን ካሜራ ተቃውሞ የቆመ ፎቶ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ኧርቪንግ ፔን

በሱ የምጀምረው ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ነው። ፔን ከ1917 እስከ 2009 የኖረ አሜሪካዊ ነው፤ ለቮግ የፋሽን መጽሔት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠርቷል። በ1948 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት የቆሙ ግድግዳዎችን አጋጥሞ ጠባብ ማዕዘን ሠራ። ሰዎቹን እዛ ውስጥ ከተታቸው። ደራሲው ትሩማን ካፖቴ ኮቱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተንበርክኮ ማዕዘኑ ውስጥ ገብቷል። ቦክሰኛው ጆ ሉዊስ ትልቅ ሰውነቱን ይዞ ማዕዘኑን ሞልቶታል። አርቲስቱ ማርሴል ዱሻምፕ ተደግፎ ቆሟል። ቦታው ስለሚጠብ ሰው መሸሻ የለውም። ከግድግዳው ጋር ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይወስናል፤ ባሕርዩ የሚወጣውም ያኔ ነው።

በ1950 ደግሞ ፓሪስ ላይ፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት የላይኛው ፎቅ ስቱዲዮ፣ የዲዛይነሮችን ቀሚሶች አነሳ። ከኋላ የሰቀለው ያረጀ የቲያትር መጋረጃ ነው። አሁን ልብ በሉ። በዛው ብርሃን፣ በዛው ዓይነት ቀላል መጋረጃ ፊት ሥጋ ሻጩን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ የጎዳና ሠራተኛውን ከነሥራ ልብሳቸውና ከነመሣሪያቸው አቆማቸው። ለሞዴሏና ለሥጋ ሻጩ የተሰጠው ክብር እኩል ነው። ለኔ ከፔን የሚወሰደው ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ልምምዱ ይኸው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ፈልጉ። ከገባ በአቡጀዲ ሸፍኑት። ቁም ሳጥን ከግድግዳው ጋር አጋጥማችሁ ወይም ሁለት ትልልቅ ካርቶኖች አቁማችሁ፣ ሰው በግድ የሚገባበት ማዕዘን ሥሩ። መስኮቱ ከጎን ይሁን። ከሌላኛው ጎን ነጭ ፎም አታድርጉ፤ ጥላው ይቆይ። ጥላው አልከብድ ካለ ጭራሽ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥሉ፤ ጨርቁ ብርሃን ይመጥና ጉንጩን ይቀርጸዋል። ከዛ ሰውዬውን "እንዲህ ሁን" አትበሉት። "ቦታህን ፈልግ" ብቻ በሉትና ጠብቁ። መጀመሪያ ይስቃል። ከዛ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጨነቃል። ከዛ ይደክመዋል። የድካሙ ሰዓት ላይ ተጫኑ። በጥቁርና ነጭ አስቀሩት።

ሁለተኛው፦ ሪቻርድ አቬዶን፣ ከቤት ውጭ

አቬዶን በፋሽን ሥራው የሚታወቀው በሚዘሉና በሚሮጡ ሞዴሎች ነው። የምዕራብ አሜሪካ ፖርትሬቶቹ (የሰው ፎቶዎቹ) ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ከ1979 እስከ 1984፣ ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ያለው የአሞን ካርተር ሙዚየም ባዘዘው መሠረት፣ ማዕድን ቆፋሪዎችን፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችን፣ ሥራ ፈላጊዎችን አነሳ። ሰውነቱ በንብ የተወረረውን ንብ አርቢ ያነሳው በ1981 ነው። ከኋላ ነጭ ወረቀት ብቻ። ምድሩ የለም፣ ሰማዩ የለም። የቀረው ሰው፣ ልብሱ፣ የእጁ ቆሻሻ ነው። በኬብል ከርቀት የሚጫነው ትልቅ ካሜራ ነበረው። ከካሜራው ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ ይቆማል። ስለዚህ ሰውዬው የሚያየው ሰው ነው፣ ማሽን አይደለም።

ይሄን ለመለማመድ የሕንፃ ጥላ ያስፈልጋችኋል። ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ስትሆን፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲውን በደንብ ተኩሳችሁ ወጥሩት። ሽብሽብ ካለ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ መተኮሱን አትዝለሉ። ሰውዬው ላይ አንዲት ጨረር እንኳን እንዳታርፍ። ነጩ ነጭ እንዲሆን ልኬቱን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ግን የፊቱን ጉንጭ እያያችሁ። ስልኩን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አድርጉና በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ ተጫኑ። እናንተ ከስልኩ ጎን ቁሙ። አውሩት። ከዛ ወሬውን አቁሙ። ዝምታው ውስጥ አሥር ሰከንድ ያህል አለ፤ ፈገግታው ወርዶ ሌላ ፖዝ ገና ያልተተካበት። እሱን ነው የምትፈልጉት።

አንድ ሕግ ጨምሩበት፤ ከተነሳ በኋላ መቁረጥ የለም። ፍሬሙን ስታነሱ ጨርሱት። አቬዶን የፊልሙን ጥቁር ጠርዝ ሳይቆርጥ ነበር የሚያትመው።

ሦስተኛው፦ ባማኮ

ዛሬ በፋሽን መጽሔት የምታዩት፣ ባለ ጌጥ ጨርቅ ከኋላ፣ ባለ ጌጥ ቀሚስ ከፊት ያለው ስታይል ሁሉ ሄዶ ሄዶ ባማኮ ይደርሳል። ሰይዱ ኬይታ ማሊ ዋና ከተማ ውስጥ ስቱዲዮ የከፈተው በ1948 ነው። የመጀመሪያው መጋረጃው የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ መጋረጃ ስለሚለውጥ፣ ኋላ ላይ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ የሚያውቀው በመጋረጃው ነው! ደንበኞቹ ሬዲዮ ይዘው፣ ሰዓት አስረው፣ ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ይነሱ ነበር። ዕቃው የስቱዲዮው ነው። እዛው ከተማ በኋላ የመጣው ማሊክ ሲዲቤ ደግሞ የጭፈራ ቤቱን ወጣት ያዘ። በ2007 በቬኒስ ቢየናሌ (የሥነ ጥበብ ዓውደ ርዕይ) ላይ የዕድሜ ልክ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ሲቀበል፣ ያን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ ነበር። ሞሮኮ ተወልዶ ለንደን ያደገው ሐሰን ሐጃጅ ይሄን መንገድ ወደ ቀለም ወሰደው፤ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከኋላ ይዘረጋል፣ ፍሬሙን ደግሞ በቆርቆሮ ጣሳና በዕቃ ማሸጊያ ይሠራል።

እናንተ ከቤታችሁ አልጋ ልብስ ጀምሩ። ጌጡ ትልልቅ የሆነውን ምረጡ። ዋናው ዘዴ አንድ ነው፤ ከኋላ ያለውም የተለበሰውም ባለ ጌጥ ከሆነ፣ የጌጡ መጠን ይለያይ። ከኋላ ትልልቅ አበባ፣ ልብሱ ላይ ትንንሽ ነጥብ። እኩል ከሆኑ ሰውዬው ጨርቁ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ሰውዬውን በትንሹ ሰያፍ አስቀምጡት፤ ትከሻው ወደ አንድ ጥግ፣ ፊቱ ወደ እናንተ። በሰው ቁመት ልክ ሆናችሁ አንሱ። የሚይዘውን ዕቃ ደግሞ እሱ ይምረጥ። አንድ ልጅ የእናቱን ጀበና ይዞ ልነሳ አለኝ። እኔ ቢሆን አልመርጥለትም ነበር፤ ግን ከዛን ቀን ፎቶዎች ሁሉ የቀረው እሱ ነው።

አራተኛው፦ ፓውሎ ሮቬርሲ፣ በጨለማ

ይሄ ከሁሉም የሚያስደስት ልምምድ ነው። ሮቬርሲ በ1947 ራቬና፣ ጣሊያን ተወለደ፤ በ1973 ወደ ፓሪስ ሄደ። ብዙ ጊዜ የሠራው በትልቅ ፖላሮይድ (ፎቶውን እዛው ወዲያው በሚያወጣ ፊልም) ነው። ሌንሱን ከፍቶ ያቆይና በእጅ ባትሪ ሞዴሏን በብርሃን ይቀባታል። ፎቶዎቹ ሕልም የሚመስሉት ለዚህ ነው፤ ሰው በዛን ያህል ጊዜ ውስጥ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ጠርዙ ይሳሳል።

ማታ መጋረጃ ዝጉ። ክፍሉ ጥቁር ይሁን፤ የቴሌቪዥኗ ቀይ ነጥብ እንኳን ትሸፈን። ስልኩን ትራይፖድ ላይ አስቀምጡ። "ፕሮ" የሚል አማራጭ ያለው ስልክ ከሆነ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 8 ሰከንድ አድርጉ። ከሌለው ሹተሩን የሚያዘገይ አፕ አውርዱ። ሹተሩ የሚከፈተው በሰከንድ ቆጣሪ ይሁን፤ ከነካችሁት ይነቃነቃል። ባትሪው ላይ አንድ ድርብ ነጭ ሶፍት ወይም ስስ ጨርቅ በላስቲክ እሰሩበት። ጥቁር ልበሱ፣ ካልሆነ እናንተም ትታያላችሁ።

የምትነሳው ልጅ ጭንቅላቷን ግድግዳ ታስደግፍ። ሹተሩ ሲከፈት ከግንባሯ ጀምራችሁ ባትሪውን በክንድ ርቀት ወደ ጉንጭ፣ ወደ አገጭ፣ ወደ አንገት አውርዱ፤ እየተንቀሳቀሳችሁ፣ ሳትቆሙ። ለፊት ሦስት ሰከንድ፣ ለልብሱ ሦስት ሰከንድ፣ የቀረውን ለእጅ። ባትሪውን ወደ ሌንሱ አታዙሩት። ከጎን ብትቀቡ አጥንቱ ይወጣል፣ ከፊት ብትቀቡ ፊቱ ይለሰልሳል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ፎቶዎች አይሆኑም። አንዱ በብርሃን ብዛት ይነጣል፣ አንዱ ጨለማ ይሆናል። ሰባተኛው ላይ ግን አንድ ዓይን ጥርት ብሎ፣ ሌላው እንደ ጭስ ሆኖ ሲመጣ ሁለታችሁም ስክሪኑ ላይ ተደፍታችሁ ትቀራላችሁ።

ልብስ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ዘዴ ለሐበሻ ቀሚስ ሞክሩት። ባትሪውን ከጎን፣ ከጨርቁ ጋር ሊነካካ ትንሽ እስኪቀር አስጠግታችሁ ስትጎትቱት የሽመናው ወጣ ገባ ጥላ ይጥላል፤ ጥበቡ ከጨርቁ ላይ ይነሳል።

አምስተኛው፦ የቀን ብርሃንና ቀለም፣ ታይለር ሚቼል እና አይዳ ሙሉነህ

ሁለቱን አንድ ላይ የማመጣቸው አካሄዳቸው ስለሚቃረን ነው።

ታይለር ሚቼል በ1995 አትላንታ የተወለደ ነው። በ23 ዓመቱ ቢዮንሴን ለአሜሪካ ቮግ የመስከረም 2018 ሽፋን አነሳት፤ የዛን መጽሔት ሽፋን ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶ አንሺ ሆነ። የሚቼል ሰዎች ሳር ላይ ይጋደማሉ፣ ይወዛወዛሉ፣ ያርፋሉ። ቀለሙ ለስላሳ ነው። ከኋላ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ልብስ የተሰቀለ ጨርቅ ታያላችሁ። ጥቁር ወጣት ያለ ስጋት ሲዝናና ማሳየት ራሱ የፎቶው ሐሳብ ነው።

ይሄን ለመሥራት ግቢ ያለው ሰው ፈልጉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሁን። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይንን ጉድጓድ ታደርጋለች። አቡጀዲውን በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ስቀሉት፤ እዚህ ሽብሽቡ ይፈለጋል፣ ንፋስም ይምታው። ፀሐይዋ ከጨርቁ ጀርባ ስትሆን ጨርቁ ራሱ ትልቅ ለስላሳ መብራት ይሆናል። የሚነሳው ሰው ቁጭ ይበል ወይም ይጋደም። ኤዲት ላይ ኮንትራስቱን ቀንሱ፣ ሌላውን ተዉት።

አይዳ ሙሉነህ ግን ሁሉንም ነገር ትቆጣጠራለች። ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ወጥታ፣ ዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ሠርታ የተመለሰች ናት። አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 የመሠረተችው እሷ ናት። የ2016 ሥራዎቿ ርዕስ ከአያቷ አባባል የመጣ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው "ዓለም ዘጠኝ ናት"። ፊቶቹ በነጭ ወይም በሰማያዊ ተቀብተዋል። ቀዩ ቀይ ነው፣ ቢጫው ቢጫ፣ መሃል ሰፋሪ ቀለም የለም። በ2018 ስለ ውኃ እጦት የሠራቻቸውን ደግሞ አፋር፣ ዳሎል ላይ ነው ያነሳቻቸው። ሴቲቱ ደማቅ ልብስ ለብሳ ጨዋማው ሜዳ ላይ ቆማ ስታዩ፣ ውኃ ለመቅዳት የሚሄደውን መንገድ ርዝመት በቀለሙ ትሰሙታላችሁ።

ከሷ የምትለማመዱት የቀለም ውሳኔውን ነው። የፊት ቀለሙን አትቅዱ፤ እሱ የሷ ፊርማ ነው። መርካቶ ሄዳችሁ ጌጥ የሌለው ቀይ ጨርቅና ሰማያዊ ጨርቅ በሜትር ግዙ። ከሁለቱ ሌላ ቀለም ፍሬሙ ውስጥ እንዳይገባ። ሶኬቱ ይሸፈን፣ የወንበሩ እግር ይሸፈን፣ የእጅ ሰዓቷ ይውለቅ። ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ንደፉት፤ ሴትየዋ የት፣ እጇ የት፣ ቀዩ ስንት እጅ፣ ሰማያዊው ስንት እጅ። ብርሃኑ ከፊት ለፊት፣ ሰፊና እኩል ይሁን፤ ጥላው ከበዛ ቀለሙ ይቆሽሻል። ካሜራው ቀጥ ብሎ በደረት ከፍታ ይቁም። የንድፉን ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ አንዱን ነገር አውጡና ድገሙት። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይበልጣል።

ኤዲትና የመጨረሻው ሥራ

ስለ ኤዲት አጭር ልሁን። በጀርመን የኢንዱስትሪ ከተማ ዱይስበርግ ያደገው ፒተር ሊንድበርግ፣ በ2019 እስኪሞት ድረስ የሴትን ፊት በኤዲት ማለስለስን ይቃወም ነበር። እሱ ባነሳው የብሪታንያ ቮግ የጥር 1990 ሽፋን ላይ አምስት ሞዴሎች በጥቁርና ነጭ፣ ብዙም ሳይኳኳሉ ቆመዋል፤ እስካሁን ይጠቀሳል። ስልካችሁ ላይ ያለውን ፊት የሚያቀላና የሚያለሰልስ ማጣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት አጥፉት። አንዳንዱ ስልክ ሳይጠይቃችሁ ነው የሚያበራው። ብጉር ማጥፋት ይቻላል፤ በሳምንት ይጠፋል። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ የዓይን ሥር መስመር ግን የሰውዬው ናቸው። ሳትጠይቁ አትንኩ።

በየሳምንቱ መጨረሻ ከተነሳው ሁሉ ሁለት ብቻ አስቀሩ። አንዱ ያንን ፎቶ አንሺ በጣም የሚመስለው ይሁን። ሌላው ደግሞ ያልተሳካው፣ ግን እናንተ መልሳችሁ መልሳችሁ የምታዩት። ለጥናት የሠራችሁትን ስትለጥፉ ከማን እንደተማራችሁ ጻፉበት።

አምስቱ ሳምንት ሲያልቅ አሥሩን ፎቶዎች ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በፖስታ ካርድ መጠን አሳትሙ። ወለል ላይ ዘርጓቸው። ደብተሩን አውጡና አሁን በራሳችሁ ላይ ያንኑ አድርጉ፤ ሁልጊዜ ያለ፣ በጭራሽ የሌለ። እኔ ሳደርገው ከአሥሩ በሰባቱ ላይ እጅ ከፊት እኩል ቦታ ይዞ አገኘሁት። አስቤበት አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ጎረቤታችን ቤት ተመልሼ ሄድኩና ነጠላውን እንዲያጣፉ ሳይሆን ሲያጣፉ አነሳኋቸው፤ እጃቸው ላይ ብቻ ለክቼ። ሁለቱን አሳተምኩ። አንዷን ለልጃቸው ላኩላቸው፣ አንዷ ቡፌያቸው ላይ ናት።